ደሴ በአውሮፕላን ስንት ነው?

አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ላመጣት ነው። በመኪና ትጎዳብኛለች ብዬ አውሮፕላን አስቤያለሁ። ርቀቱን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ 254፣ ሌላው 158፣ ሦስተኛው 137 ይለኛል። በመኪና ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓቱንም አንዱ 49 ደቂቃ ይላል፣ ትኬት ላይ ግን 1 ሰዓት ገደማ ነው። የቱን ልመን?»

አብሽር ወንድሜ። ሁሉንም እመን። ቁጥሮቹ አልተጣሉም፣ እያንዳንዱ የለካው ነገር ነው የሚለያየው።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በዲስፓቸርነት ነው። ዲስፓቸር ማለት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መንገዱን፣ ነዳጁንና የአየሩን ጠባይ አስልቶ በረራውን የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ካፒቴኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኛን ማንም አያውቀንም። ልጅነቴ ደሴ ስለሆነ ደግሞ ለዚች መስመር ትንሽ አዳላለሁ።

መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች እንጨርስ። 254 ኪሎ ሜትር፣ 158 ማይል እና 137 ኖቲካል ማይል አንድ ርቀት ናቸው። አንዱን ጋቢ በሜትር፣ በክንድና በስንዝር እንደመለካት ነው። ተራው ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ኖቲካል ማይል ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር። መርከበኞችና እኛ የአቪዬሽን ሰዎች የምንጠቀመው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ 137 የሚል ካየህ ከኛ ሰፈር የመጣ ቁጥር ነው።

እንግዲህ 254 ማለት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ቀጥታ መስመር ብታሰምር የምታገኘው ነው። ኮምቦልቻ ነው ያልኩት። ደሴ አላልኩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቲኬቱ ላይ የምታያት ሦስት ፊደል «ዲ ኤስ ኢ» የደሴን ስም የያዘች ናት። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተወሽቃ ምን ሜዳ አላት! ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ቀጥታ መስመር ብታሰምር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት በዚያች አጭር መንገድ ትወርዳለህ። ከፊትህ የጫነ መኪና ከገባ መንገዱ ይረዝማል። እናትህ ከቤታቸው አየር ማረፊያ እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ያዝላቸው፤ ቢተርፍ ይትረፍ።

አሁን ወደ 400ው እንምጣ። በመኪና ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 376 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ደግሞ 400 ገደማ። በአየር 254 የሆነው በምድር 376 የሚሆነው ለምንድን ነው? መሐንዲሱ ሰንፎ አይደለም። ምድሩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተህ ደብረ ብርሃን ድረስ ደጋ ለደጋ ትሄዳለህ። ከዚያ ጣርማ በር ትደርሳለህ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ትሻገርና መሬቱ ከእግርህ ሥር ይጠፋል። ደብረ ሲና፣ ከዚያ ጥምዝ በጥምዝ ሸዋ ሮቢት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ካፖርት ለብሰህ የተነሳኸው ሰውዬ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ከዚያ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያልክ እንደገና ወደ ላይ። መንገዱ የሚረዝመው ወደ ጎን ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ሹፌሩም ምሳ ላይ ካልቆየ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። የታመመ ሰው ይዘህ ከሆነ አሥሩን ያዝ።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጣፍጣል።

ያ 49 ደቂቃ የመጣው ከኢንተርኔት ማስያ ነው። ከእነዚህ ማስያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ርቀቱን በሰዓት 500 ማይል ለሚበር ጄት ያካፍላሉ። ለመነሳትና ለማረፍ ብለው 30 ደቂቃ ይደምሩበታል። 158 ለ500 ሲካፈል 19 ደቂቃ፤ 30 ሲደመር 49። ሒሳቡ ልክ ነው። አውሮፕላኑ ነው ልክ ያልሆነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው ዳሽ ኤይት 400 የሚባለው፣ ብዙ ሰው ኪው 400 የሚለው፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነው። አየር መንገዱ ይህን ዓይነት መጠቀም የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ለፕሮፔለር ጎበዝ ነው፤ ጄት ግን አይደለም።

እና አንድ ሰዓቱ የት ይሄዳል? አብረን እንሂድ። አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ በሩ ይዘጋል። ሞተር ያስነሳል። ከቆመበት እስከ መንደርደሪያው ጫፍ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ እኛ ታክሲ ማድረግ እንለዋለን። ቦሌ ሥራ የሚበዛበት ስለሆነ ከፊቱ ሌሎች ተሰልፈው ሊጠብቅ ይችላል። አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ደቂቃ እዚሁ በላህ። ከዚያ ተነሳ። የቦሌ መንደርደሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አካባቢ ነው የተዘረጋው። ኮምቦልቻ ያለችው በሰሜን ምሥራቅ፣ እንዲያውም ከምሥራቅ ይልቅ ለሰሜን ቀርባ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ነፋሱ ከምዕራብ ከመጣ ጀርባህን ለወሎ ሰጥተህ ትነሳለህ። ከዚያ ነው የሚዞረው።

ወደ ላይ ለመውጣት ሰባት ስምንት ደቂቃ። ከፍታው ላይ ደርሶ እግሩን ዘርግቶ የሚሮጠው ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አስተናጋጇ ውኃ አድላ ሳትጨርስ ካፒቴኑ መውረድ ይጀምራል። መውረዱ አሥር ደቂቃ ገደማ፣ ለማረፍ መስመር መያዙ ሌላ ጥቂት ደቂቃ። አየር ላይ የቆየው በድምሩ 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ካረፈ በኋላ ቶሎ ይቆማል፤ እንደ ቦሌ ሰልፍ የለም።

ትኬቱ ላይ የሚጻፈው አየር ላይ ያለው ጊዜ ብቻ አይደለም። ጎማው ሥር ያለው ታኮ ከሚነሳበት እስከሚመለስበት ያለው ነው። በዚያ ላይ አየር መንገድ ሁሉ ለመዘግየት ትንሽ ትርፍ ይጨምርበታል። ስለዚህ 1 ሰዓት የሚለውን ያዝ። «ቀድመን ደረስን» ብለው ደስ ቢላቸው ያ ትርፍ ነው፤ አብራሪው ስለቸኮለ አይደለም።

«ጄት ቢሆን ኖሮስ?» የሚል አይጠፋም። ምንም ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ጄቱ የሚበልጠው በዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ብቻ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ያደርጋታል። ሦስት ደቂቃ አተረፍክ ማለት ነው፤ ለዚያውም ብዙ ነዳጅ ከፍለህ። አጭር መስመር ላይ ፕሮፔለር የሚመደበው ለዚህ ነው እንጂ ወሎ ስለተናቀች አይደለም። ይህን ቅሬታ ከዘመድ ስንቴ ሰምቻለሁ!

ነፋስም እንደዚሁ ነው። ረጅም በረራ ላይ ነፋስ አንድ ሰዓት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እዚህ ግን ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንዲት ነገር ግን ልጨምር፣ ሰው ስለማያውቃት። ወደ ምሥራቅ ወገን የሚሄድ አውሮፕላን የሚይዘው ከፍታ ጎዶሎ ሺህ ጫማ ነው፤ 17 ሺህ ወይም 19 ሺህ በል። ወደ ምዕራብ ወገን የሚሄደው ሙሉውን ይይዛል፤ 18 ሺህ ወይም 20 ሺህ። ከኮምቦልቻ የሚመጣውና ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ፊት ለፊት የማይገናኙት በዚህ ነው። 19 ሺህ ጫማ 5,800 ሜትር ገደማ ነው። አምባ ፈሪትን የመሰሉ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጉ ተራሮች ባሉበት አገር ከፍ ማለቱ ግድ ነው።

ሰዓቱን በእውነት የሚያበላሸው የአየር ጠባይ ነው። በክረምት ደመና ኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ላይ ይተኛል። አብራሪው ከተወሰነ ከፍታ በታች ወርዶ መንደርደሪያውን ካላየ አያርፍም። ይጠብቃል፤ ካልተገለጠ ይመለሳል። ለዚህ ነው እኛ ነዳጅ ስናሰላ ለመንገዱ ብቻ የማንሞላው። እስከ መድረሻው፣ ከዚያ እስከ አማራጭ አየር ማረፊያ፣ በዚያ ላይ ደግሞ 30 ደቂቃ አየር ላይ የሚያቆይ መጠባበቂያ እንጭናለን። ተመልሶ ቦሌ ያረፈ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠህ «አንድ ሰዓት በርሬ አዲስ አበባ ደረስኩ» ብለህ ብትናደድ እፈርድልሃለሁ። ግን የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው በሐምሌና በነሐሴ ቀጠሮው ቀን ጠዋት መብረር የለበትም። አንድ ቀን ቀድመው ይምጡ።

ሌላ ሰዓት የሚያስበላ ነገር አለ፤ ይቺን ከራሴ ቤት ነው የማመጣት። አጎቴ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሊመጣ ትኬቱን እኔ ቆረጥኩለት። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። 07:40 ይላል። አጎቴ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው። አቦል ቶና በረካውን ጠጥቶ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ፣ «ሁለት ሰዓት ቀድሜ ልድረስ» ብሎ ልክ ከረፋዱ 5፡40 ላይ አየር ማረፊያው በር ላይ ተገኘ። አውሮፕላኑ ከሄደ አራት ሰዓት ሆኖታል። 07:40 ማለት በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡40 ነው። ዕድሜ ልኬን በዚያ ሰዓት ስሠራ ኖሬ ለሱ መንገር ረሳሁት። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ይተርትብኛል።

አንተ እንዲህ አድርግ። ቲኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንስ። 07:40 ከሆነ 1፡40 ጠዋት። 13:15 ከሆነ 7፡15 ከሰዓት። ቁጥሩ ከ7 ካነሰ ደግሞ 6 ደምር። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር ጻፍላቸው። ትኬቱ የፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው፤ «12» ያየ ሰው ወሩ በ12 መስሎት ሊቀመጥ ይችላል። በወረቀት ጽፈህ፣ ወይም ለጎረቤት ልጅ ነግረህ፣ «ከቤት የሚወጡት በዚህ ሰዓት ነው» በላቸው። የሚነሳበትን ሰዓት አትንገራቸው። ከቤት የሚወጡበትን ብቻ።

እሱን እናስላው። ከደሴ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው። በረራው አንድ ሰዓት። ቦሌ ላይ ሻንጣ መጠበቅ ግማሽ ሰዓት፤ ማርና ቅቤ ከያዙ በደንብ ያሽጉት፣ ፈስሶ የሰው ልብስ ያበላሸ ቅቤ አይቻለሁ። ከቦሌ እስከ ቤትህ እንደ ትራፊኩ ነው። በድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ አውሮፕላኑ የሚያተርፍልህ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ለወጣት ሰው እንዲያውም «ገንዘቤን ላስቀምጥና በመኪና ልሂድ» ቢል አልከራከረውም። ለእናትህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው አሥር ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ታጥፎ መቀመጥ ነው። አውሮፕላኑ ላይ መቀመጡ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ይንቀሳቀሳሉ።

ከፍታውን ፈርተህ ከሆነ ላቅልልህ። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ታምቆ የሚያዝ ነው፤ እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለ ቦታ በላይ እንዲሳሳ አይፈቀድም። ደሴ 2,500 ናት። እናትህ ሳሎናቸው ውስጥ ቡና ሲያፈሉ ከአውሮፕላኑ ውስጥ የበለጠ ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ጆሯቸው «ጢም» ቢል የሚብሰው ሐረጎን ሲወርዱ ነው። ለሱም ከረሜላ ይበቃል።

ስለ ዓይናቸው ግን አንድ ነገር በጣም አስብበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይቺን ግን በሥራዬ ተምሬያታለሁ። ሬቲና የሚባለው ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ሲጠገን ሐኪሞቹ አንዳንዴ ዓይን ውስጥ የጋዝ አረፋ ያስቀምጣሉ። ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይሰፋል። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ማየትን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። ጋዙ እስኪጠፋ መብረር ክልክል ነው። ሰው የሚረሳው ደግሞ ይሄን ነው፦ «እንግዲያው በመኪና ልመልሳቸው» ትልና ጣርማ በር ታወጣቸዋለህ። ጣርማ በር ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል። ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉ ይበልጣል! መኪናው ከአውሮፕላኑ የባሰ ሆነ ማለት ነው። የዓይን ሞራ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ የለበትም። ግን አትገምት። የመመለሻውን ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ሐኪሙን «ጋዝ ተደርጓል ወይ? ደሴ በየት በኩልና መቼ መመለስ ይችላሉ?» ብለህ በግልጽ ጠይቅ። ሐኪሙ ስለ ጣርማ በር ላያስብ ይችላል፤ አንተ አንሳበት።

ይህን የምታነቡ የሰሜን ወሎ ሰዎች «እኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከቦሌ ላሊበላ በቀጥታ መስመር 332 ኪሎ ሜትር፣ ወይም 179 ኖቲካል ማይል ነው። ከኮምቦልቻው በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢረዝምም በሰዓት ሲታይ ልዩነቱ ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው፤ የጨመረው ያው የሩጫው ክፍል ስለሆነ። አውሮፕላኑ ከተማዋ ላይ አያርፍም፤ ሽምሽሃ ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ዳገቱን በመኪና ትወጣላችሁ። ከኮምቦልቻ ላሊበላ ደግሞ በቀጥታ 127 ኪሎ ሜትር ናት። በወልዲያ፣ በድልብና በጋሸና ዞራችሁ ስትሄዱ 300 አካባቢ ትሆናለች። ወሎ ውስጥ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው በተራራ ነው።

ወደ እናትህ ልመለስ። ትኬቱን ስትቆርጥ ዊልቸር ከፈለጉ አስቀድመህ አስመዝግብ፤ በሩ ላይ ደርሰህ አትጠይቅ። የዚህ አውሮፕላን መውጫና መግቢያ ደረጃ ከፊት ነው፤ ጠባብ ናት፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይያዝ። ጩኸቱ የሚበዛው ፕሮፔለሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ላይ ነው። ወደ ኋላ ሲሆን ይቀንሳል፤ ግን የሚራመዱት ይረዝማል። አንተ ታውቃለህ የቱ እንደሚቀላቸው።

መስኮቱን በቀኝ በኩል ጠይቅላቸው። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ፀሐይዋ የምትገባው በግራ ነው፤ ለታመመ ዓይን አይሆንም። ሲመለሱም በቀኝ ይሁን፣ ግን የከሰዓቱን በረራ ያዝላቸው። ክንፉ ከላይ ስለሆነ መሬቱን የሚከልል ነገር የለም። ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ሲወርድ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።